በጅማ የአንድ ትርጉም ቤት አገልግሎት፦ ለጋብቻ ግሪን ካርድ ሰነድ ለሚያሰናዱ ቤተሰቦች

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚገኘው ይህ አነስተኛ የትርጉምና የጽሕፈት ቢሮ፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶቻችን ሰነድ ለማዘጋጀት ከተገለገልንባቸው ቤቶች ሁሉ በጥንቃቄው ልቆ ያገኘሁት ነው። አስተያየቴን የምጽፈው በተለይ ዘመዳቸው በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ አሜሪካ ገብቶ፣ የተፈቀደለት የቆይታ ጊዜ ካለፈ በኋላ የአሜሪካ ዜጋ አግብቶ፣ ለግሪን ካርድ ማመልከቻው የልደትና የፍቺ ማስረጃ ከጅማ እንዲላክለት ለጠየቃቸው ሰዎች ነው። የእኛም ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ታናሽ እህቴ ጊዜዋ አልፎባት ከቆየች በኋላ ትዳር መሥርታ፣ ጠበቃዋ ያዘጋጀላትን የሰነዶች ዝርዝር ላከችልኝ።

ቢሮውን እንዳምነው ያደረገኝ የመጀመሪያው ነገር የሥራውን ድንበር ማወቁ ነው። ጉዳዩን ዘርዝሬ እህቴ ይሳካላት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ የቢሮው ባለቤት «ወንድሜ፣ እኔ የምተረጉመው ወረቀት ነው፤ ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን የሚነግርዎ ጠበቃዋ ነው» አሉኝ። ይህ መልስ በዚያን ጊዜ ቅር ቢያሰኘኝም፣ ከዚያ በፊት የጠየቅሁት ሌላ ጉዳይ አስፈጻሚ «ዜጋ ካገባች በቃ፣ አለቀ» ብሎ ጠቅላላ ክፍያ በቅድሚያ መጠየቁን ሳስብ ልዩነቱ ወለል ብሎ ታየኝ።

ነገሩ «በቃ» የሚባል አይደለምና። በአሜሪካ ሕግ፣ በፍተሻ ኬላ በኩል በሕጋዊ መንገድ የገባና የዜጋ የትዳር ጓደኛ የሆነ ሰው፣ የተፈቀደለት የቆይታ ጊዜ ያለፈበት ቢሆንም ከአገር ሳይወጣ እዚያው ሁኔታውን አስተካክሎ ግሪን ካርድ ማመልከት ይችላል። ያገባው ግን ዜጋን ሳይሆን ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከሆነ፣ የቆይታ ጊዜው ማለፉ በአብዛኛው እንቅፋት ይሆንበታል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ አንዳንድ ሰው «እስቲ መጥቼ ቤተሰብ ልይ» ብሎ በመካከሉ ሲወጣ የሚደርስበት ነው፤ ከ180 ቀናት በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት፣ 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የወጣ ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ የሚያግድ ደንብ አለ። ማመልከቻ ማስገባት ብቻውንም ከመባረር አያስጥልም። እነዚህን ሁሉ የሚመዝነው እዚያው ፈቃድ ያለው ጠበቃ እንጂ እዚህ ፎርም የሚሞላ ሰው አይደለም፤ የቢሮው ባለቤት ይህንን አውቀው ወደ ጠበቃው መመለሳቸው በእኔ ግምት የቢሮው ትልቁ ብቃት ነው።

ወደ ራሱ ወደ ትርጉሙ ስመጣ፣ ቢሮው ከማንም በላይ የሚጠነቀቀው ለቀንና ለስም ነው። የልደት ማስረጃው የእኛን ዘመን አቆጣጠር ሲይዝ ፓስፖርቱ የፈረንጆቹን ይይዛል፤ ብዙ ጸሐፊዎች ደግሞ ዓመት ላይ 7 ወይም 8 ደምረው፣ ቀኑን በተለመደው ስሌት አዙረው ያልፋሉ። ለምሳሌ ጥር 11 ቀን 1988 ዓ.ም. የተወለደ ሰው፣ ጥምቀት ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል በሚል ልማድ ቢጻፍለት ስሕተት ነው፤ 1987 ጳጉሜን 6 ቀን የነበረችበት ዓመት ስለሆነ ትክክለኛው ቀን ጃንዋሪ 20 ቀን 1996 ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ከቁም ነገር የሚቆጠር ላይመስል ይችላል፤ ፓስፖርቱ አንድ ቀን፣ የልደት ማስረጃው ሌላ ቀን ሲናገሩ ግን ፋይሉን የሚመረምረው ሰው ማብራሪያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ማብራሪያውን የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ቢሮው የፓስፖርቱን ቅጂ ሳያይ ትርጉም አይጀምርም።

የስሙም ጉዳይ ለእኛ ለጅማዎች የተለየ ክብደት አለው። ከቀበሌና ከፍርድ ቤት የሚወጡ ሰነዶቻችን በአፋን ኦሮሞ የሚጻፉ በመሆናቸው፣ ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞው የላቲን አጻጻፍ፣ በአንድ ፊደል ሲጀምር በፓስፖርት ላይ በሁለት ፊደል ይጀምራል፤ አናባቢዎቹም በአንዱ ይደጋገማሉ፣ በሌላው አይደጋገሙም። ነገሩን የማያውቅ የውጭ አገር መርማሪ ሁለቱን የሁለት ሰዎች ስም አድርጎ ቢያያቸው አይፈረድበትም። ቢሮው ስሙን እንደ ፓስፖርቱ ጽፎ፣ በዋናው ሰነድ ላይ ያለውን አጻጻፍ በተርጓሚ ማስታወሻ ያስረዳል። በክብ ማኅተሙ ዙሪያ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር ይተረጉማል፤ በመጨረሻም ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችልና ትርጉሙ ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ጽፎ ይፈርማል። የአሜሪካው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ከትርጉም የሚፈልገው ይህንኑ ሙሉነትና ይህንኑ ፊርማ ነው።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን በፍቺው ጉዳይ ነው። እህቴ ቀድሞ እዚህ አግብታ የተፋታች ስትሆን፣ በቤታችን የነበረው ወረቀት ሽማግሌዎች የፈረሙበት የስምምነት ደብዳቤ ብቻ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ስቀርብ፣ የቢሮው ባለቤት ተቀብለው እንደመተርጎምና ገንዘባቸውን እንደመውሰድ፣ «ፍርድ ቤት አጽድቆታል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ንብረትም ያካፍላል፤ በቤተሰብ ሕጋችን ግን ጋብቻን በፍቺ የሚያፈርሰው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። የቀድሞው ጋብቻ በሕግ መፍረሱ ካልተረጋገጠ ደግሞ አዲሱ ጋብቻ ራሱ ጥያቄ ውስጥ ይወድቃል፤ በእርሱ ላይ የቆመው ማመልከቻም አብሮ ይወድቃል። ውሳኔው በእርግጥ ተሰጥቶ ስለነበር ከመዝገብ ቤት ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ አወጣን፤ የተተረጎመውም እርሱ ሆነ። ግልባጩን በስሟ ለማውጣት እህቴ የሰጠችኝ ውክልና በኤምባሲ በኩል አልፎ አዲስ አበባ እስኪመዘገብ መጠበቅ ግድ ስለነበር ጊዜ ወስዶብናል፤ ይህ ግን የቢሮው ጥፋት አይደለም።

ሌላም ልጠቅሰው የሚገባ ነገር አለ። ተራዬን ስጠብቅ አንድ ወጣት መጥቶ፣ በደላላ ለተገናኛት ሴት የረዥም ጊዜ ፍቅር የሚያስመስሉ ደብዳቤዎች ወደ ኋላ ቀን ተሰጥቷቸው እንዲጻፉለት ጠየቀ። የቢሮው ባለቤት ሳያዋርዱት፣ ነገር ግን ያለ ማወላወል እንቢ አሉት። ለወረቀት ተብሎ የሚደረግ ጋብቻ በአሜሪካ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል ነው፤ ከተደረሰበትም ሰውዬው ወደፊት በእውነተኛ ትዳር እንኳ ቢመጣ በሩ ሊዘጋበት ይችላል። በከተማችን ይህንን እንደ ቀላል ንግድ የያዙት ሰዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት እነርሱ ሳይሆኑ ልጆቻችን ናቸውና።

ጉድለቶችም አሉት። የአፋን ኦሮሞ ሰነዶችን የሚተረጉሙት አንድ ሰው ብቻ በመሆናቸው፣ እርሳቸው በሌሉበት ቀን ሥራው ይቆማል። መብራት ሲጠፋ ማተም አይቻልም። የዋጋ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ስላልተለጠፈ ሰው ሁሉ ጠይቆ ነው የሚያውቀው፤ ይህ ቢስተካከል መልካም ነው፤ ምንም እንኳ የተጠየቅሁት ክፍያ በገጽ የተሰላ፣ ደረሰኝ ያለውና ሚዛናዊ ቢሆንም። መቀመጫውም ጠባብ ነው፤ ከእናቴ ጋር በሄድኩበት ቀን ደጅ ቆመን ጠብቀናል።

ለሚሄዱ ሰዎች የምመክረው፣ የዘመዳቸውን ፓስፖርት ቅጂና ጠበቃው የላከውን ዝርዝር ይዘው እንዲሄዱ፣ ከዝርዝሩ ውጪም ማንም ቢላቸው ገንዘብ እንዳያወጡ ነው። ለምሳሌ የጤና ምርመራው የሚደረገው እዚያው አሜሪካ በተፈቀደለት ሐኪም ስለሆነ፣ ከዚህ የሚላክ የሐኪም ወረቀት አይተካውም። የአፋን ኦሮሞ ሰነድ ያለው ሰው ደግሞ ተርጓሚው መኖራቸውን አስቀድሞ ደውሎ ቢያረጋግጥ፣ በተለይ ከአጋሮ ወይም ከሰቃ ለሚመጣ መንገደኛ፣ ከንቱ መመላለስ ይቀርለታል።