900፣ 2.4፣ 5.8 ወይስ ዴክት፦ የትኛው ገመድ አልባ የቤት ስልክ ይሻላል?

ገመድ አልባ የቤት ስልክ ሊገዛ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ካርቶኑ ላይ ትልቁን ቁጥር ፈልጎ ያነሳል። 5.8 ከ2.4 ስለሚበልጥ ርቆ ይሰራል ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን ወደ ተቃራኒው ያደላል። ቁጥሩ ስልኩ የሚሰራበት የሬዲዮ ሞገድ ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ነው፤ 900ው በሜጋኸርዝ፣ 2.4ና 5.8 በጊጋኸርዝ ነው፣ አንድ ጊጋኸርዝም ሺህ ሜጋኸርዝ ነው። ፍሪኩዌንሲው ከፍ ሲል ሞገዱ ያጥራል፤ ግድግዳ ሲያቋርጥም ቶሎ ይደክማል።

የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ 33 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ግድግዳ ብዙም አይበግረውም፤ ጓሮ ወጥተውም ማውራት ይቻላል። በርቀት በኩል የሚታማ አይደለም። ግን ብዙዎቹ አናሎግ ናቸው፤ ድምፁን ወደ ቁጥር ሳይቀይሩ እንዳለ ይልካሉ። ስካነር (የሬዲዮ ሞገድ እየፈለገ የሚያሰማ መሣሪያ) ያለው ጎረቤት የቤታችሁን ወሬ ቁጭ ብሎ ሊሰማ ይችላል።

2.4 ጊጋኸርዝ ሰው እንደሞላበት ታክሲ ነው። ዋይፋይ እዚያ አለ፣ ብሉቱዝ እዚያ አለ፣ ማይክሮዌቭም በ2.45 አካባቢ ይሰራል። ምግብ ሲሞቅ ስልኩ ይንሿሿል፤ ስልክ ሲነሳ ደግሞ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። ቤቱ ውስጥ ዋይፋይ ላለው ሰው እኔ በነፃም ቢሆን ውሰድ አልለውም።

5.8 ጊጋኸርዝ ከዚህ ግርግር ይርቃል። ሞገዱ ግን 5 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነ ወፍራም የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ያስቸግረዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ በአንዱ አቅጣጫ በ5.8፣ በመልሱ በ2.4 ይሰራሉ። ካርቶኑ ፊት ለፊት ይህን አይነግርህም፤ ከጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብብ።

ዴክት (DECT) የተለየ ነው፤ ለገመድ አልባ ስልክ የወጣ የአሠራር ደረጃ ነው። በአውሮፓ ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ያለው ቦታ ለእሱ ተመድቧል፤ ዋይፋይም ማይክሮዌቭም አይደርሱበትም። ዲጂታል ነው። ነፃ ቻናል ራሱ እየፈለገ ይቀያየራል፤ ጎረቤት ሌላ ዴክት ቢኖረውም ብዙ ጊዜ አይጋጩም። ቤት ውስጥ እስከ 50 ሜትር፣ ገላጣ ሜዳ ላይ እስከ 300 ሜትር ይባልለታል። ብሎኬት ሲበዛ ግን ከዚያ ያነሰ ጠብቅ። ለአብዛኛው ቤት የምመርጠው ይህንን ነው።

አሜሪካኖች ከ2005 ወዲህ የሚሸጡት ዴክት 6.0 ይባላል። 6.0 ፍሪኩዌንሲ አይደለም፣ የገበያ ስም ነው። የሚሰራው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ነው። አሜሪካ ለሚኖር ሰው ምንም ችግር የለበትም። ዘመድ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲልከው ነው ጣጣው። እዚህ የ3ጂ ሞባይሎች ወደ ማማው የሚልኩበት ቦታ ከ1920 ይጀምራልና የሰፈሩን ኔትወርክ ሊረብሽ ይችላል። የአሜሪካው 900ም ያው ነው፤ ከሞባይሉ 900 ጋር ይደራረባል። ላኪው ጀርመን ወይም ጣሊያን ያለ ዘመድ ከሆነ ግን ዴክቱን በደስታ ተቀበል፤ ቻርጀሩም ለ220 ቮልት የተሰራ ነው። የአሜሪካው ብዙ ጊዜ ለ120 ብቻ ስለሆነ በቀጥታ ከሰካኸው ይቃጠላል።

የትኛውንም ብትገዛ ቤዙን (የስልክ መስመሩና መብራቱ የሚሰካበትን ክፍል) ከፍ ካለ ቦታ፣ ከቤቱ መሃል፣ ከዋይፋዩ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። ከፍሪጅና ከቆርቆሮ ግድግዳ ጀርባ አትደብቀው። መብራት ሲጠፋ ቤዙም አብሮ ይጠፋል። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ መስመር ካለህ ባለገመዱን አሮጌ ስልክ አትጣለው፤ እሱ ያለ መብራትም ይሰራል።