«ለምን አልጮህሽም?» ላላችሁኝ፣ እና ለጋሼ

ባለፈው ክረምት ስልኬን የተነጠቅኩ ጊዜ ያልጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ለምን አልጮህሽም?» ባለቤቴ፣ እህቴ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የግቢያችን ጥበቃ ሳይቀር። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ። መልሱን የሰጡኝን፣ ራስን መከላከል የሚያስተምሩኝን ጋሼን ላመሰግን፣ ለምትፈልጓቸውም ልጠቁም ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እንዘጋለን። የዚያን ቀን ጀሞ ከታክሲ ወርጄ ወደ ኮንዶሚኒየማችን የሚያስገባውን ኮብልስቶን ያዝኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አንድ ልጅ ከኋላዬ መጥቶ ስልኬን ከእጄ መንጨቅ አደረገው። መሮጥ እንኳን አልፈለገም። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ዞሮ አየኝ። እኔ ክው ብዬ ቆሜያለሁ። አፌ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን የለም። «ኡኡ!» ያልኩት ልጁ ከታጠፈ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። አንድ መንገደኛ ስልኩን ሲሰጠኝ ደግሞ የባለቤቴ ቁጥር ጠፋኝ። የዘጠኝ ዓመት ባሌ! ቤት ደርሼም ቁልፉን በሩ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ።

ከስልኩ በላይ ያመመኝ ይሄ ነው። ሴት ልጅ አለችኝ። እሷ ላይ አንድ ነገር ቢመጣም እንዲህ ደርቄ ልቆም ነው? እያልኩ ሌሊት ሌሊት እገላበጥ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ይህን ሲሰሙ እጄን ይዘው ጋሼ ጋ ወሰዱኝ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የፖሊስ አሠልጣኝ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንዱ ኮሙናል ውስጥ ራስን መከላከል ያስተምራሉ። ኮሙናሉ የማኅበርና የለቅሶ ወጥ የሚሠራበት ስለሆነ ግድግዳው ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። እኔ ቡጢ ልማር ነበር የሄድኩት። እሳቸው ግን ወንበር ላይ አስቀምጠው የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስወሩኝ። ስጨርስ «ልጄ፣ ሰውነትሽ ሥራውን ነው የሠራው» አሉኝ።

ቀጥለው ስለ ጫጩት ጠየቁኝ። ጭልፊት ሲመጣ እናቲቱ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ታሰማለች። ጫጩቶቹ ያኔ ባሉበት ድርቅ ይላሉ። የሚንቀሳቀስ ነገር ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባላ። ሰውም ይሄ አለበት። ዋልተር ካነን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ከመቶ ዓመት በፊት ፍርሃት ሰውነትን ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንደሚያሰናዳው ጽፏል። «ሁሉም እነዚህን ሁለቱን ያወራል፤ ሦስተኛውን፣ መድረቁን፣ የሚያስታውሰው የለም» አሉ ጋሼ። አለቀስኩ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም፣ ግን አለቀስኩ።

የሚገርመው እኔ አድሬናሊንን በደንብ አውቀዋለሁ። በየቀኑ የማየው መድኃኒት ነው፤ 1 ሚሊግራም በ1 ሚሊ ሊትር፣ ትንሽዬ ብልቃጥ። የራሴ አካል በድንጋጤ ጊዜ ሲለቀው ምን እንደሚያደርገኝ ግን አስቤ አላውቅም። ልብ ይመታል። ደም ወደ ትልልቆቹ ጡንቻዎች ይሄዳል፣ ጣት ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ቁልፉ አልገባ ያለኝ ለዚህ ነው። ዓይን አንድ ነገር ላይ ብቻ ይተከላል፣ ዳርና ዳሩ ይጠፋል። ጆሮም አንዳንዴ አይሰማም። በቃል የሚያውቁት ቁጥር ይሰወራል።

ታዲያ ጋሼ አስረድተው ብቻ አይተዉም። እስከ አራተኛ ፎቅ ሮጠን ወጥተን እንድንወርድ ያደርጉናል። እያለከለክን ስንመለስ መርፌና ክር ይሰጡናል። «አስገቡ!» ሞክሩትና ንገሩኝ። ቀጥሎ የተቆለፈ ጓጉንቸር ቁልፍ፣ ቀጥሎ ስልክ። የፖሊስን 991 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስን 907፣ መደወያውን ሳንነካ፣ ጽፈን እናሳያቸዋለን። ሩጫ ፍርሃትን እንደማይተካ ራሳቸው ይናገራሉ። ቢያንስ ግን ጣታችሁ ሲከዳችሁ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማስወጣትንም ያስደጋግሙናል። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ቤቴ በር ላይ ሳልደርስ ቁልፌን በእጄ መያዝ የለመድኩትም ከእሳቸው ነው።

ብዙ የሠራነው ድምፅ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀን «አቁም!» በሉ ሲሉን ሁላችንም ሳቅን። ሃያ ጊዜ ካስጮሁን በኋላ ሳቁ ቆመ። «ሌባ!» ብሎ መጮህን ግን አይወዱም። ሰዉ ግር ብሎ ይመጣና የተሳሳተውን ሰው ይደበድባል። እኔም አንዴ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እውነታቸውን ነው። ከዚያ ይልቅ አንድ ሰው መርጣችሁ በጣት አመልክቱ ይላሉ። «አንተ ባለ ቀዩ ሹራብ! 991 ደውል!» ምክንያቱን በምርምር ነው ያስረዱን። ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የሚባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች በፈረንጆቹ 1968 አንድ ሙከራ አሳትመዋል። ሰው ወረቀት እየሞላ ሳለ ክፍሉ ውስጥ ጭስ ይለቁበታል። ብቻውን ከነበረው ከመቶ 75ቱ ወጥቶ ተናገረ። አጠገቡ ሁለት ዝም ብለው የተቀመጡ ሰዎች ሲኖሩ ግን የተናገረው ከመቶ 10 ብቻ ነው። ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። እያንዳንዱ ሌላውን እያየ ነው።

ሕጉንም ያነሳሉ። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፣ ግን አደጋውን ለመመለስ የሚበቃውን ያህል ነው። ሌባው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ ተከትሎ መፈንከት መከላከል አይባልም። ቡጢ ናፍቀው የመጡ ሁለት ወጣቶች ይህን ሲሰሙ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀሩ።

ጉድለቱንም ልናገር። ጋሼ ቁጡ ናቸው። የእጅ ማስለቀቂያው ስልት እኔን በሚያክል ሰው ላይ ይሠራል፣ በባለቤቴ ላይ ስሞክረው ግን ሳቀብኝ። ይህን ስነግራቸው «እሱ እንዲይዝሽ ለምን ጠበቅሽ?» ብለው ተቆጡኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚኒባስ እየሄድኩ ነበር። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ጃኬቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል። ከፊቴ ያለው ዞሮ «እህት፣ መስኮቱን ዝጊልኝ» አለኝ። መስኮቱ አይንቀሳቀስም። እሱ ግን «ጠንከር አድርጊው» ይለኛል። ያቺ የማውቃት ነገር መጣች። ልቤ መታ፣ አፌ ደረቀ፣ እግሬ ከዳኝ። እጄን ከመስኮቱ ላይ አነሳሁ። ትንፋሼን በረዥሙ አስወጣሁ። ከዚያ ኮሙናሉ ውስጥ ሃያ ጊዜ ባወጣሁት ድምፅ፣ «ወራጅ አለ!»

ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ወያላው ራሱ ደነገጠ። መካኒሳ ላይ ወረድኩ። የቦርሳዬ ዚፕ እስከ ግማሽ ተከፍቷል፤ እኔ መስኮቱን ስታገል ባለ ጃኬቱ እየከፈተው ነበር ማለት ነው። ከውስጡ ግን የጎደለ ነገር የለም። ባለቤቴን በቃሌ በያዝኩት ቁጥር ደወልኩለት።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄንም በሚቀጥለው ወር አመጣታለሁ።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ አይፈልጉም። የወሩ ክፍያ አንድ ደህና ጫማ አይገዛም። ጠዋት ልክ 2 ሰዓት ላይ በሩን ይዘጋሉ፣ ላረፈደ አይከፍቱም። መርፌና ክሩ እሳቸው ጋ አለ። መነጽር የምታደርጉ ግን መነጽራችሁን እንዳትረሱ።