ምስጋና በጃማይካ ደቡባዊ ዳርቻ ለተቀበሉን እትዬ፣ ለምትሄዱም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንዲት ሴት ለማመስገን ነው። ጃማይካ ውስጥ፣ ትሬዠር ቢች በሚባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ የተሠራች ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። መንደሩ «አክስት» ይላቸዋል፤ እኛ እትዬ አልናቸው። ማረፊያውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ስልካቸውን እሰጣለሁ፤ ይህን ፈቅደውልኛል።

ከቶሮንቶ ደውዬ ክፍል ስጠይቅ አስቀድመው የነገሩኝ የሌለውን ነው። «አየር ማቀዝቀዣ የለንም፣ ማራገቢያ ግን አለ። ሙቅ ውሃ የምታገኙት ፀሐይዋ ካሞቀችው ነው። መብራት ይጠፋል። አሸዋችን በፎቶግራፍ እንደምታዩት ነጭ አይደለም፣ ጠቆር ያለ ነው። ባሕሩ ይጎትታል፤ እናትህ ብቻቸውን እንዳይገቡ።» ስንቱ ሆቴል ያለውን ሦስት እጥፍ አሳምሮ በሚሸጥበት ዘመን የራሱን ቤት ጉድለት በዝርዝር የሚያስረዳ ባለቤት ሲገኝ ምን ይባላል? ባለቤቴ ስልኩን ሰምታ «እዚያው ነው የምንሄደው» አለች።

ጊዜው የዐቢይ ጾም መግቢያ ሰሞን ነበርና ነገሩን ለማስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር፦ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማንበላ፣ እናቴ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ምንም እንደማትቀምስ። በብዙ አገር ይህን ስትናገሩ አስተናጋጁ ዓይኑን ያፈጣል። ጃማይካ ግን ራስተፈሪያኖቹ «አይታል» የሚሉት ከሥጋ የራቀ፣ ብዙዎቹ ጨው እንኳን የማይጨምሩበት ምግብ ያላት አገር ናት። እትዬ በጥሞና አዳምጠውኝ ሲያበቁ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጨውስ ትበላላችሁ?»

ሞንቴጎ ቤይ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለንን ሾፌር የላኩት እሳቸው ናቸው። በአጥር የታጠሩትን ትልልቅ ሆቴሎች ሰሜን ዳርቻ ላይ ትተን ደሴቲቱን ወደ ደቡብ አቋረጥን፤ መንገዱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሚድል ኳርተርስ የምትባል መንደር ላይ ሴቶች በበርበሬ የተቀቀለ ቀይ ሽሪምፕ በላስቲክ ቋጥረው በመኪናው መስኮት ያቀርባሉ፤ እናቴ ፊቷን አዞረች፣ እኔ ገዛሁ። (በጾም የባሕር ነገር ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በቤታችን ዕድሜ ልኩን የቆየ ስለሆነ እዚህ አልከፍተውም።) ወደ ሴንት ኤልዛቤት አውራጃ ደቡብ ስትወርዱ አፈሩ እንደ ሸክላ ይቀላል። ዝናብ የሚያጥረው አካባቢ ቢሆንም ደሴቲቱን በአትክልት የሚመግበው እሱ ነው፤ ገበሬዎቹ የደረቀ ሣር በመደቡ ላይ አንጥፈው እርጥበቱን ይይዙታል። እናቴ ከመኪና ወርዳ ሣሩን ገለጥ አድርጋ አፈሩን በጣቷ ካልነካሁ አለች። ሾፌሩ ሳያጉረመርም ጠበቃት።

ቤቱ የእንጨት ነው፤ ግማሹ ጣሪያ አሮጌ፣ ግማሹ የሚያብለጨልጭ አዲስ ቆርቆሮ። በሐምሌ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ ይህን ዳርቻ ክፉኛ መትቶታል። እትዬ ያን ሌሊት ከጎረቤት ልጆች ጋር መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አሳለፉት፤ ሲነጋ ጣሪያቸውን ያገኙት ከመንገዱ ማዶ ነው። ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው አይሰበርም፤ የሚያንገበግባቸው የወደቀው የማንጎ ዛፍ ነው። አዲሱን ጣሪያ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በብረት ማሰሪያ አስጠፍረውታል፤ አንድ በአንድ እየጠቆሙ አሳዩኝ። ውሃው የሚጠራቀመው በጥቁር ታንከር ስለሆነ ገላችሁን ስትታጠቡ ቧንቧውን ዘግታችሁ ሳሙና ትቀባላችሁ፣ ከዚያ ትከፍታላችሁ። አልጋው ላይ ያለው አጎበር ሁለት ቦታ ተቀድዶ በነጭ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ከአጎበሩ ይጠነክራል።

ምግቡን ካላወራሁ ግፍ ይሆንብኛል። ባሚ የሚሉት የካሳቫ ቂጣ አላቸው። ካሳቫውን ፈቅፍቀው፣ ጭማቂውን በጨርቅ አጥብቀው ጨምቀው ያወጡና የቀረውን በምጣድ ክብ አድርገው ይጋግሩታል፤ ሊበላ ሲል በኮኮናት ወተት ይነከርና ይጠበሳል። እናቴ አንዴ ጎርሳ «ይሄማ የቆጮ ዘመድ ነው» አለች። ዱባ በኮኮናት ወተት፣ ካላሉ የሚሉት ጎመን በጦስኝና በሽንኩርት፣ በከሰል የተጠበሰ የዳቦ ፍሬ የሚሉት የዛፍ ፍሬ፤ ሁሉም ያለ አንድ ጠብታ ቅቤ። ለእኔና ለባለቤቴ ደግሞ ጠዋት ከጀልባ የወረደ ዓሣ በኮምጣጤና በቃሪያ።

ከሁሉ በላይ ግን ምስጋናዬ ለ9 ሰዓቷ ነው። እኛ ምሳ በልተን ማራገቢያው ሥር ስንተኛ እትዬ የእናቴን ድርሻ ለብቻ ያበስላሉ፤ ከእኛ የተረፈ አቅርበውላት አያውቁም። ልክ 9 ሰዓት ሲሆን ሳህኑን በጨርቅ ሸፍነው በረንዳው ላይ ያመጣሉ፤ እናቴ አቡነ ዘበሰማያት ደግማ እስክትጨርስ እጃቸውን አጣምረው ይቆማሉ። አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም። ቢሆንም ማዕድ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይውላሉ፣ በምን እንደሚግባቡ እነሱ ያውቃሉ። አንድ ቀን እትዬ ከተራራው የመጣ ጥሬ ቡና አምጥተው እናቴ ፊት አስቀመጡ። ቡና ጃማይካ የገባው በአውሮፓውያኑ 1728 ነው ይባላል፤ ብሉ ማውንቴን የሚባለው ቡናቸው በዓለም ገበያ ከውዶቹ አንዱ ነው። እናቴ ለቅማና አጥባ ደች ፖት በሚሉት ወፍራም የብረት ድስት ቆላችው፤ ጭሱን ይዛ ስትዞር ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። እትዬ አቦል ጠጡ፣ ቶና ጠጡ፣ በረካ ላይ «እንቅልፍ አይወስደኝም» ብለው ለመኑ። አልተፈቀደላቸውም።

ጀልባ ከፈለጋችሁም የሚያገናኙት እሳቸው ናቸው። ከባሕሩ ዳርቻ ራቅ ብሎ፣ አሸዋማ ጥልቀት የለሽ ውሃ ላይ በእንጨት ግንዶች የቆመ እኛ ስንሄድ ፔሊካን ባር የሚባል መጠጥ ቤት ነበር፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ በአውሮፓውያኑ 2001 የሠራው ነው። ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ በ2004 አፍርሶት ነበር፣ ቤሪልም አፈረሰው፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሰው አቁመውታል። ያደረሰን ጀልበኛ ሽማግሌ ራስተፈሪ ነው። ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲሰማ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲያርፉ አባቱ ከሕዝቡ መካከል እንደነበር ነገረን፤ ቀጥሎም እናቴ በዓይኗ አይታቸው እንደሆነ ጠየቀ። እናቴ በልጅነቷ ለገና ሹራብና ኬክ ሲያድሉ ከተሰለፉት ተማሪዎች አንዷ ነበረች። ይህን ስተረጉምለት ሞተሩን አጠፋው። የሹራቡን ቀለም፣ የኬኩን መጠን፣ የእጃቸውን ቅጥነት ሳይቀር ጠየቃት። ስለ ንጉሡ እኔና እናቴ የማንስማማበት ብዙ ነገር አለ፤ እዚያ ጀልባ ላይ ግን አፌን ዘግቼ ተረጎምኩ። ሲያወርደን የእናቴን ሒሳብ አልቀበልም አለ።

መልቀቂያችን ሲደርስ እትዬ ሒሳቡን ያቀረቡት በተማሪ ደብተር ላይ በእርሳስ ጽፈው ነው። ከታች «ቅናሽ» የሚል መስመር ነበረበት፦ ቁርስ ከክፍሉ ዋጋ ጋር የተካተተ ስለሆነ፣ እናቴ ያልበላችውን ቁርስ ሁሉ ቆጥረው ቀንሰውታል። አይሆንም ብዬ ብከራከር «ያላበሰልኩትን አልሸጥኩም» አሉ። እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ ጣሪያዎን ይጠብቅልዎት።

ለምትሄዱ። የመዋኛ ገንዳ፣ የሌሊት ጭፈራ ወይም ለሕፃናት ሞቅ ያለ ጨዋታ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ቦታ አይሆናችሁምና ሰሜኑ ይሻላችኋል። ከአውሮፓውያኑ ሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ሌላ ጊዜ ምረጡ። የእጅ ባትሪ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትና በጃማይካ ዶላር የተዘረዘረ ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ ካርድ አይቀበሉም። የጽሑፍ መልእክት አያነቡም፣ ደውሉላቸው። ጠዋት ዓሣ ለመግዛት ባሕሩ ዳር ስለሚወርዱ ከቀትር በኋላ ይሻላል፤ ስልኩ ብዙ ጠርቶ ካልተነሳ ተስፋ አትቁረጡ፣ ከማዕድ ቤት እስኪመጡ ነው።