መስኮት ወይስ ኤሲ? ለካዛንቺስ ቢሮ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመጋቢት እንኳ የቀኑ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ታዲያ መስታወት የለበሱት ሕንፃዎች ከሰዓት በኋላ ለምን እንደ ምድጃ ይግላሉ? ጥፋቱ የአየሩ አይደለም። ፀሐይ በመስታወቱ ትገባለች፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

መስኮት ምንም መብራት አይፈጅም። የበጋው ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ማታ ነፋስ ያገኘ የኮንክሪት ግድግዳና ጣሪያ ቅዝቃዜውን እስከ ረፋድ ይይዛል። የሚያስቸግረው የመንገዱ ጫጫታና አቧራ ነው። የሌባው ስጋትም አለ፤ እሱን ፍርግርግ ይፈታዋል።

ኤሲ የግድ ከሆነ ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ክፍል) ያለውን ግዙ። የድሮው ዓይነት በሙሉ ኃይል ይሠራል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። ኢንቨርተሩ ግን እንደ ሙቀቱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መብራት ይቆጥባል። ኤሲ እርጥበትም ያወጣል፤ አየሩ ቀዝቃዛውን ቱቦ ሲነካ ውሃው ይንጠባጠባል። ይህ ለጅቡቲ ትልቅ ጥቅም ነው። እኛ ጋ ግን የበጋው አየር ራሱ ደረቅ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል። በክረምት እርጥበቱ ሲመጣ ደግሞ ማቀዝቀዣ ማን ይፈልጋል?

እኔ ለሰርቨር ክፍሉ ኤሲ፣ ለሠራተኛው መስኮት እመርጣለሁ። የፀሐይ መከላከያው ግን ከውጭ ይሁን። መጋረጃ ጋ ሲደርስ ሙቀቱ ገብቷል።