መጻሕፍት ወይስ መጽሐፎች?

ደብረ ብርሃን ላይ የዕድር ደብዳቤ የሚያረቅቅ ጸሐፊ አንድ ቦታ ላይ ብዕሩ መቆሙ አይቀርም፦ «ካህናት» ይበል «ካህኖች»? የግእዙ አበዛዝ ወይስ የአማርኛው «ኦች»?

ቅለት፦ «ኦች»ን የሚስተካከል የለም። ቤት፣ ቤቶች። ገበሬ፣ ገበሬዎች። አለቀ። የግእዙ ግን በየቃሉ የሚጠና ነው። ቅዱስ ቅዱሳን ይሆናል፤ ኮከብ ከዋክብት፣ መጽሐፍ ደግሞ መጻሕፍት።

ለዛ፦ እዚህ ግእዙ ይበልጣል። «የመንዝ አድባራትና ገዳማት» የሚለውን «የመንዝ ደብሮችና ገዳሞች» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡትማ! ስሕተት የለውም፣ ግን ሞገሱ ይጠፋል።

ስጋት፦ ይኼም በግእዙ በኩል ነው። ሰው መብዛቱን ይረሳና ይደርብበታል፦ «ካህናቶች»፣ «መምህራኖች»። አርታኢው ወዲያው ቀይ እስክሪብቶውን ይመዛል። እኔን እንኳ ብዙም አይቆረቁረኝም። ግእዝ ራሱ «ነገሥት» ላይ ደርቦ «ነገሥታት» ብሏል። እንግሊዝኛም ከላቲን በተዋሰው ቃል እንዲሁ ይጨቃጨቃል። «ሚዲያ» የ«ሚዲየም» ብዙ ቁጥር ነው፤ እኛ ግን «ሚዲያዎች» ስንል ማንም ቅር አይለውም።

አዲስ ቃል ላይ ክርክር የለም፤ ባጃጆች ነው።

ለቤተ ክርስቲያን፣ ለታሪክና ለሕግ ጽሑፍ ግእዙን ያዙ። ለሕፃናት መጽሐፍ፣ ለሱቅ ማስታወቂያ፣ ለስልክ መልእክት «ኦች» ይበቃል። ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ቢገናኙ ነውር የለውም። አንዱኑ ቃል ግን እዚህ «መምህራን»፣ እዚያ «መምህሮች» ማለት አንባቢን ያደናግራል።