ጋራዡ ግማሽ ቤት ሲሆን፦ የአርሊ ሆክሺልድ «ሁለተኛው ፈረቃ»

አርሊ ሆክሺልድ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ሶሲዮሎጂ ያስተማሩ፣ ከሥራ ዘመናቸውም ብዙውን ሴትና ወንድ ሥራንና ስሜትን እንዴት እንደሚካፈሉ በማጥናት ያሳለፉ ፕሮፌሰር ናቸው። በ1983 እ.ኤ.አ. ስለ ዴልታ አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጆች ባሳተሙት ጥናት፣ ለመንገደኛ የሚታየው ፈገግታ ራሱ ደመወዝ የሚከፈልበትና የሚያደክም ሥራ መሆኑን አሳይተዋል። ከመጻሕፍታቸው አንዱን ብቻ ገዝቶ ለማንበብ ለሚያስብ ሰው ግን እኔ የምመርጥለት በ1989 ከአን ማቹንግ ጋር ያዘጋጁትን «ሁለተኛው ፈረቃ» ነው።

ሚስት ከመሥሪያ ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ማብሰል፣ ማጠብና ልጅ ማስተኛት ሌላ ፈረቃ ነው። ፕሮፌሰሯ ቀደም ያሉ የጊዜ አጠቃቀም ጥናቶችን አስልተው፣ ሴቶች ከወንዶች በሳምንት 15 ሰዓት ያህል፣ በዓመት ደግሞ ቀኑም ሌሊቱም ተቆጥሮ አንድ ወር ሙሉ አብልጠው እንደሚሠሩ ያሳያሉ። ራሳቸው ካጠኗቸው ወንዶች የቤቱን ሥራ እኩል የተካፈሉት 20 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ።

እኔን የያዘኝ ግን ሰው ቤት ገብተው፣ እራት ሲቀርብና ልጅ ሲያለቅስ ተቀምጠው ያዩት ነው። ናንሲና ኢቫን ሆልት የሚል ስም የተሰጣቸው ባልና ሚስት ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ላይኛውን ፎቅ ለእሷ፣ ታችኛውን ለእሱ ብለው ይስማማሉ። ላይኛው ሳሎኑ፣ ኩሽናው፣ መኝታ ቤቶቹና መታጠቢያዎቹ ናቸው፤ ታችኛው ጋራዡ ነው፤ ውሻውም የኢቫን ድርሻ ነው። ናንሲ ትዳሯ እንዳይፈርስ ስትል ይህን እኩል ነው ብላ ራሷን ታሳምናለች። ማታ ደግሞ ልጃቸው አልተኛም እያለ ባልና ሚስቱ አብረው የሚሆኑበትን ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ የኩሽናው ቂም እስከ መኝታ ቤት እንደሚዘልቅ ያለ ምንም ስብከት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ምዕራፉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ናንሲ ራሷን ያሳመነችበት ቦታ ስደርስ ዛሬም ያመኛል።

ጉድለትም አለው። ጥናቱ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የሚኖሩ 50 ያህል ጥንዶችን የተመለከተ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ሁለቱም ሥራ በሚውሉበት ቤት ሁለተኛውን ፈረቃ ብዙ ጊዜ የምትሸከመውን፣ ከገጠር የመጣችውን ሠራተኛ የሚያነሳት በጥቂቱ ነው። ሆክሺልድ ራሳቸው ከዓመታት በኋላ የራሷን ልጅ ለዘመድ ትታ የሰው ልጅ ልታሳድግ ባሕር ስለምትሻገር እናት በስፋት ጽፈዋል። ምሳሌያቸው በተለይ የፊሊፒንስ ሴቶች ናቸው፤ ቤይሩት ወይም ሪያድ እህት ያለችው አንባቢ ግን ታሪኩን ከቤቱ ያውቀዋል።

የሚገዛ ሰው በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን የታደሰ እትም ይፈልግ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ ለሚጋቡ ወጣቶች ስጦታ ቢሆን ደግሞ ከሠርጉ በፊት ቢደርሳቸው እመርጣለሁ።