የመስታወት ሳጥንና የግራ ቀኝ አፕ፦ ለከረመ የነርቭ ህመም ይሰራል?

እሺ ስለዚህ የመስታወት ሳጥን ስለሚሉት ነገር ልጻፍ፣ ምክንያቱም ኦንላይን ያለው ሪቪው ሁሉ ወይ "ተአምር ነው ግዙት" ነው ወይ "ገንዘቤን በላው" ነው፣ መሀል ላይ የቆመ ሰው አላገኘሁም። ተጣጥፎ የሚቀመጥ ሳጥን ነው፣ አንዱ ጎኑ መስታወት ነው፣ ከሱ ጋር ደሞ ስልክ ላይ የሚጫን አፕ አለ፣ አንድ ላይ ነው የሚሸጡት። የአምራቹን ስም አልጠራም፣ ተመሳሳዩን የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ሀሳቤን ከላይ ልናገር፦ አፑ ጎበዝ ነው፣ ሳጥኑ ደህና ነው፣ አብሮ የመጣው ወረቀት ግን ማስታወቂያ እንጂ መመሪያ አይደለም።

የተሰራው አንድ እጁ ወይ አንድ እግሩ ላይ የነርቭ ህመም ስር ሰዶ ለከረመበት ሰው ነው፣ ሲአርፒኤስ (ከጉዳት በኋላ እጅ ወይ እግር ላይ የሚቀር፣ ከጉዳቱ የበለጠ ህመም) ያለበት፣ ወይ እጁ ተቆርጦ የሌለው እጅ የሚያመው። የኔ ግራ እጄ ነው፣ አንጓዬ ላይ ነርቭ ተጎድቶ፣ ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፣ ግን ይለበልበኛል፣ ይነዝረኛል፣ የሸሚዝ እጅጌ ነካ ሲያደርገኝ ራሱ እሳት የነካኝ ነው የሚመስለኝ። ሰው ደሞ ያየዋል፣ ምንም የለውም። "ድኗል እኮ" ይላችኋል።

ለምን እንደማይድን ሳይገባችሁ ሳጥኑን ብትገዙ ሁለት ቀን ተጫውታችሁበት ትጥሉታላችሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ክሊፎርድ ዉልፍ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 አይጦች ላይ ያሳየው ነገር፣ ጉዳት ሲደርስ የተጎዳው ቦታ ብቻ ሳይሆን ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉት የነርቭ ሴሎች ራሳቸው ስሜታቸው እንደሚጨምር ነው፣ በፊት ዝም የሚሉትን ቀላል ንክኪ አሁን እንደ ህመም አድርገው ወደ ላይ ይልኩታል። የሸሚዝ እጅጌው ነገር ይሄ ነው። ከዛ አንጎልም ዝም ብሎ አይቀበልም፣ ራሱም ይለወጣል። ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል አንጎል ላይ የተመደበ ቦታ አለ፣ ካርታ በሉት፣ ለጣትና ለከንፈር ሰፊ፣ ለጀርባ ጠባብ። ሄርታ ፍሎርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1995 እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች ላይ ሲያዩ፣ ባለቤቱ የጠፋ መሬት ላይ ጎረቤት አጥሩን እንደሚገፋው የከንፈር ቦታ ወደ እጅ ቦታ ገፍቶ አገኙት፣ በጣም የተገፋባቸው ሰዎች ደሞ በጣም የሚያማቸው ሆኑ። ከሳጥኑ ጋር የመጣው ወረቀት እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። ግን ታሪኩ አላለቀም፣ በ2013 እነ ታማር ማኪን የሌለውን እጅ አንቀሳቅሱት እያሉ ሲያዩ የእጅ ቦታው አሁንም ለእጅ እንደሚሰራ አገኙ፣ ባለቤቱ አልጠፋም ማለት ነው፣ ይባስ ብሎ ህመም የበዛባቸው ላይ ቦታው ይበልጥ ደህና ነበር። ስለዚህ ሳጥን ሻጭ "ካርታህን መልሰን እንስልልሃለን" ሲላችሁ ሰምታችሁ እለፉት፣ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ገና እየተከራከሩበት ነው።

አሁን ወደ አፑ። የእጅ ፎቶ ይመጣል፣ ግራ ነው ቀኝ ትላላችሁ፣ በቃ። የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ግን ፎቶው የተጠማዘዘ ወይ የተገለበጠ ሲሆን መልሱን ለማግኘት ጭንቅላታችሁ ሳታውቁት የራሳችሁን እጅ በሀሳብ አዙሮ ፎቶው ላይ ይገጥመዋል፣ እንቅስቃሴ የሚያቅደው የአንጎል ክፍል ይሰራል እጃችሁ ግን አይነቃነቅም። ለዛ ነው ብዙ ጊዜ የታመመው ጎን የሚዘገየው። ጤነኛ ሰው ለእጅ ፎቶ ወደ 2 ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል፣ ከ80 ከመቶ በላይም በትክክል ይመልሳል፣ አፑ ሁለቱንም ለግራና ለቀኝ ለይቶ ያሳያችኋል። የኔ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፣ ግራው ላይ ስደርስ ቁጭ! አንጓው ወደ ኋላ የታጠፈ ፎቶ ሲመጣማ ገና ሳስበው ማቃጠል ይጀምረኛል፣ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ያለ እጅ እኮ ነው፣ ምንም አልነካውም። ፊዚዮቴራፒስቴን ስጠይቃት በሲአርፒኤስ የተለመደ ነው አለችኝ፣ ማሰብ ብቻውን ህመሙን ይቀሰቅሰዋል።

አፑ ላይ የምጠላው ሰዓት ቆጣሪው ነው፣ እየጮኸ ያጣድፋል፣ የሚያመውን ሰው ማጣደፍ ደሞ ምን የሚሉት ነው? ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት። ፎቶ ግን ሞልቷል፣ መልሱን ሸምድዶ ማለፍ አይቻልም፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ ማወቅ ያለባችሁ የልምምዶቹን ተራ ነው፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል፣ ወረቀቱ ላይ ደሞ በትንሹ ፊደል ከኋላ የተጻፈው እሱ ነው። ሎሪመር ሞዝሊ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲአርፒኤስ ያለባቸው ሰዎች ላይ የሞከረው በሶስት ደረጃ ነው፣ ሁለት ሳምንት ግራ ቀኝ መለየት፣ ሁለት ሳምንት እንቅስቃሴን በሀሳብ ብቻ፣ ሁለት ሳምንት መስታወት። በ2005 ተራውን ቀያይሮ ሲያየው ውጤቱ አንድ አይደለም፣ ተራው ራሱ ለውጥ ያመጣል። ማለትም ሳጥኑ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ሰውዬ ግን እየሳቀ በመስታወት ይጀምራል! ገና መንካት ለማይቻል እጅ መስታወት መጀመሪያ ማምጣት ህመሙን ሊያባብሰው ይችላል።

ሳጥኑ ራሱ፦ የታመመውን እጅ ውስጥ ትደብቃላችሁ፣ ጤነኛውን መስታወቱ ፊት ታደርጋላችሁ፣ ስታንቀሳቅሱት የታመመው እጅ ያለ ምንም ችግር የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ሀሳቡን የጀመረው ቪላያኑር ራማቻንድራን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ለተቆረጠ እጅ ህመም። አይን ያየውን አንጎል ያምናል፣ መጀመሪያ ስታዩት ይገርማል፣ እኔማ ደንግጬ ነበር። ቀለበትና ሰዓት ግን አውልቁ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው እጅ የተደበቀውን ካልመሰለ አያታልላችሁም።

ሁለት ቅሬታ አለኝ። አንደኛ መስታወቱ ብርጭቆ አይደለም ፕላስቲክ ነው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ጎበጥ ይላል፣ እጄ ጫፉ ጋ ሲደርስ ያበጠ ይመስላል። ምን አለበት ትሉ ይሆናል፣ ግን ሞዝሊና ባልደረቦቹ በ2008 የታመመ እጃቸውን በሚያጎላ መነጽር እያዩ ሲያንቀሳቅሱት ሰዎቹ ህመሙም እብጠቱም እንደጨመረ፣ በሚያሳንስ ሲያዩት ደሞ እንደቀነሰ አሳይተዋል። ለዚህ ስራ የሚሸጥ መስታወት እጅ እያጎላ እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ እጅ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያውን ቬልክሮ ነው፣ ሻካራው ጎን ወደ ውስጥ። ንክኪ ለሚያቃጥለው ሰው! ይሄን የነደፈው ሰው አንድ ታማሚ አላናገረም፣ እርግጠኛ ነኝ። ለስላሳ ጨርቅ ሰፍቼበት ነው የምጠቀመው።

ወረቀቱ "ህመም አንጎልህን እያሳነሰው ነው" ብሎ በትልቁ ጽፏል፣ ይሄ ነው ያናደደኝ። አዎ፣ እነ አፕካሪያን በ2004 ለረጅም ጊዜ ጀርባቸውን የሚያማቸው ሰዎች ላይ ግሬይ ማተር የሚባለው፣ የነርቭ ሴሎች የተከማቹበት የአንጎል ክፍል፣ ከ5 እስከ 11 ከመቶ ቀንሶ አግኝተዋል፣ እንደ 10 ወይ 20 አመት እርጅና። የሚያስፈራው ክፍል ይሄ ነው፣ እሱን ጽፈው ቀጣዩን ተዉት። በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት የዳሌ መገጣጠሚያቸው አልቆ የሚያማቸውን ሰዎች ከቀዶ ጥገና በፊትና በኋላ ሲያይ፣ ህመሙ ሲጠፋ የቀነሰው ግሬይ ማተር እየተመለሰ ነበር። ህመሙ ያመጣው ለውጥ ከህመሙ ጋር ይሄዳል ማለት ነው፣ ቢያንስ ለነሱ። ሌሊት ህመም እንቅልፍ ለነሳው ሰው የመጀመሪያውን ብቻ መንገር ምን ይባላል?

ይሰራል ወይ ለሚለው፣ ለኔ ግራው እጅ አፑ ላይ ከቀኙ ጋር እየተቀራረበ ነው፣ አሁን የሸሚዝ ቁልፍ በሁለት እጄ እቆልፋለሁ፣ ማቃጠሉ ግን አለ፣ ሌሊት ላይ በተለይ። መድሃኒቴን አላቆምኩም፣ እናንተም ሀኪማችሁን ሳታማክሩ ጋባፔንቲን ምናምን እንዳታቆሙ። ጥናቶቹ ጥቂት ሰው ላይ የተሰሩ ናቸው፣ የ2004ቱ 13 ሰው ነው፣ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ሁለት ማዕከላት በመደበኛ ስራቸው ሲሞክሩት ህመሙ ላይ ያን ያህል ለውጥ አላገኙም። ከ5 ለአፑ 4፣ ለሳጥኑ 3፣ ለወረቀቱ ዜሮ።

አፑን ለብቻው የሚሸጡላችሁ ከሆነ እሱን ግዙ፣ መስታወቱ ደረጃ ላይ ስትደርሱ ቀጥ ያለ የግድግዳ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አቁማችሁ መስራት ይቻላል። ሁለቱም እጃችሁ የሚያማችሁ ከሆነ ግን፣ ስኳር ነርቫቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ላይ እንደሚሆነው፣ ሳጥኑን እርሱት፣ የሚያሳየው ጤነኛ እጅ ከሌለ መስታወቱ ምንም አይሰራም፣ ይሄን ሳይነግሩ ነው የሚሸጡት።